የአየር ትንበያችሁ ይታመናል? ራሳችሁ የምትፈትሹበት ዝርዝር መመሪያ

ትንበያ ላይ አብዛኛው ሰው የሚፈርደው በትዝታ ነው። ፀሐይ ነው ተብሎ ወጥቶ የበሰበሰባትን ቀን ለዓመታት ያወራታል፣ ትንበያው ልክ የሆነባቸውን ብዙ ቀናት ግን ማንም አያስታውሳቸውም ምክንያቱም በነሱ ቀናት ምንም አልተፈጠረም። ስለዚህ "ይሄ አፕ ውሸታም ነው" የሚለውም "የኔ አፕ ተሳስቶ አያውቅም" የሚለውም ብዙ ጊዜ መረጃ የላቸውም፣ ስሜት ነው ያላቸው። ደግነቱ መፈተሽ ከባድ አይደለም፣ ደብተርና እስክሪብቶ ወይም ኤክሴል ይበቃል፣ ሂሳቡም ከመደመርና ከማካፈል ብዙ አያልፍም። የሚያስፈልገው ትዕግስት ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። አለን መርፊ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1993 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) "ጥሩ ትንበያ" የሚባለውን ነገር ሶስት ቦታ ከፍሎ አስቀምጦታል፦ ተንባዩ በእውነት ያመነበትን መናገሩ፣ የተነገረው ከሆነው ጋር መግጠሙ፣ እና ሰው ተጠቅሞበት የተሻለ ውሳኔ መወሰኑ። ሁለተኛውና ሶስተኛው አንድ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም፣ ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆነው ትንበያ ለናንተ ብዙም የማይጠቅመው ሊሆን ይችላል። ይሄን ወደ መጨረሻው በቁጥር አሳያችኋለሁ፣ እስከዛ ግን ሁለቱን እያቀላቀላችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ ትንበያውን ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ

"ትንበያው ጥሩ ነው ወይ" የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። "ነገ ከሰዓት ሲሚንቶ ልሙላ ወይስ ላቆየው" የሚል ጥያቄ ግን መልስ አለው። ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ነፋስና ቀጣዮቹን ጥቂት ሰዓታት ነው የሚፈልገው፣ ውጪ ድግስ የሚያዘጋጅ ሰው ከአምስት ቀን በፊት የሚነገረውን ነው የሚፈልገው፣ ችግኝ ያለው ሰው ደግሞ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል አይወርድም የሚለው ብቻ ነው የሚያሳስበው። የናንተን ውሳኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉትና የምትመዘግቡትን ነገር ከዛ ምረጡ፣ ሁሉን ነገር ልመዝግብ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

ደረጃ 2፦ ትንበያው ሳይቀየርባችሁ ያዙት

አፖች ትንበያቸውን ቀኑን ሙሉ ይቀያይራሉ። ሐሙስ ላይ ስለ እሁድ ያሉትን ቅዳሜ ላይ አታገኙትም፣ ጠፍቷል፣ በላዩ ላይ አዲስ ተጽፎበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋር ነው፣ ጠዋት ላይ የታረመውን አይቶ "ይኸው ልክ ነበር" ይላል። ስለዚህ በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ስክሪንሾት አንሱ ወይም ሺታችሁ ላይ ጻፉ። ሰዓቱ አንድ አይነት መሆኑ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ትላልቆቹ የዓለም ሞዴሎች (አየሩን በኮምፒውተር የሚያሰሉት ፕሮግራሞች) በቀን አራት ጊዜ ነው የሚሰሩት፣ አንዱን አፕ አዲስ ውጤት በገባበት ሰዓት ሌላውን አሮጌው ላይ እያለ ብታነጻጽሩ ፍርዱ ፍትሃዊ አይሆንም።

ሺቱ ላይ የሚገባው ይሄ ነው፦ የተነገረበት ቀንና ሰዓት፣ ትንበያው የሚመለከተው ቀን (ማለትም ስንት ቀን ቀድሞ እንደተነገረ)፣ የተነገረው ቁጥር፣ ምንጩ፣ እና ባዶ የሚቀመጥ አንድ ቦታ ለሆነው ነገር። የ1 ቀኑንና የ5 ቀኑን ትንበያ አንድ ላይ አትደምሩ፣ ለየብቻ ነው የሚፈተሹት።

ምንጭ ስትመርጡ ደግሞ ይሄን እወቁ፣ ሶስት አፕ ማለት ሶስት የተለያየ አስተያየት ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ከኋላ የሚጠቀሙት አንድ አይነት ሞዴል ነው፣ ወይ የአሜሪካኖቹን ጂኤፍኤስ ወይ የአውሮፓውን የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል። ስለዚህ "ሶስቱም ዝናብ ነው አሉ" ብላችሁ እርግጠኛ ከመሆናችሁ በፊት አፑ ስለ ራሱ የሚያወራበት ገጽ ላይ ገብታችሁ የዳታ ምንጩን እዩ።

ደረጃ 3፦ የሆነውን በትክክል ለኩ

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ፈተናው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። አፑ "አሁን 23 ዲግሪ" ሲል ብዙዎች የተለካ ይመስላቸዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን እሱም ራሱ ከሞዴል የወጣ ግምት ነው። ትንበያውን በዛ ቁጥር ከፈተሻችሁት አፑን በራሱ አፕ ነው የፈተሻችሁት። የምትፈልጉት የተለካ ነገር ነው፣ ቅርባችሁ ያለ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ወይም የኤርፖርት ምልከታ ካለ እሱ ጥሩ ነው፣ ከሌለ ራሳችሁ ለኩ።

ለሙቀት፣ ቴርሞሜትሩ ጥላ ውስጥ፣ አየር የሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት፣ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መስፈርት እሱ ነው፣ ትንበያውም የሚያወራው ስለዛ ከፍታ አየር ነው። ግድግዳ ላይ ፀሐይ እየመታው የተለጠፈ ወይም የመኪና ቴርሞሜትር የሚነግራችሁ የግድግዳውንና የአስፋልቱን ሙቀት ነው። ለዝናብ ደግሞ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ ጎን ያለው ዕቃ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ለኩ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለኩና ድፉት። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው።

"ዘነበ" የምትሉት ከስንት ጀምሮ እንደሆነም አስቀድማችሁ ወስኑ። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የዝናብ ፐርሰንት ሲሰጥ ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ከደረሰ እንደ ዘነበ ይቆጥረዋል፣ የአየር ንብረት ጥናቶች ላይ ደግሞ ዝናባማ ቀን ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ነው። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ካያችሁ በኋላ ግን አትቀይሩት። ካፊያ ነው አይቆጠርም ይቆጠራል የሚለው ክርክር ማታ ላይ ከመጣ ሰው ለሚወደው አፕ ማድላቱ አይቀርም።

ደረጃ 4፦ ሙቀትን ሁለት ጊዜ አስሉት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው ምንጭ ለአምስት ቀናት 24፣ 25፣ 23፣ 26፣ 27 አለ፣ የተለካው ደግሞ 22፣ 24፣ 22፣ 23፣ 26 ሆነ። ስህተቱ +2፣ +1፣ +1፣ +3፣ +1 ነው። ድምሩ 8፣ ለአምስት ሲካፈል 1.6 ዲግሪ። ሁለተኛው ምንጭ ስህተቱ +3፣ -3፣ +2፣ -2፣ 0 ቢሆንስ? ምልክቱን እንደያዘ ከደመራችሁት ዜሮ ይመጣል፣ ፍጹም ይመስላል፣ ምልክቱን ትታችሁ ስትደምሩት ግን 10 ነው፣ አማካዩ 2 ዲግሪ።

ለዛ ነው ሁለቴ አስሉት ያልኩት። ምልክቱን ትታችሁ የምታገኙት አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግራችኋል፣ ምልክቱን ይዛችሁ የምታገኙት ደግሞ ወደየት እንደሚያዘነብል። የመጀመሪያው ምንጭ ሁልጊዜ አስር ደቂቃ እንደሚቀድም ሰዓት ነው፣ አንዴ ካወቃችሁት ትቀንሱለታላችሁ። ከላይ ባለው ምሳሌ ከየቀኑ 1.6 ብትቀንሱ የሚቀረው አማካይ ስህተት ወደ 0.7 ይወርዳል። ሁለተኛው ግን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሆነ የምትቀንሱት ነገር የለም። (በርግጥ አምስት ቀን ለምሳሌ ነው እንጂ ለእውነተኛ ፍርድ አይበቃም።)

እንዲህ ያለ ቋሚ ማዘንበል ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው፣ ከፍታ። ሞዴሉ ምድርን በካሬ ካሬ ነው የሚያያት፣ የአውሮፓው ማዕከል ዋና ሞዴል እንኳን ካሬው ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዛ ውስጥ ያለ ተራራና ሸለቆ አንድ ከፍታ ተሰጥቶት ነው የሚሰላው። አየር በአማካይ በየ1000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ እናንተ ከሞዴሉ ግምት 300 ሜትር ከፍ ካላችሁ ወደ 2 ዲግሪ ልዩነት ከከፍታው ብቻ ይመጣል ማለት ነው። ይሄ ግን ለሁሉም ሰዓት አይሰራም፣ ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ሸለቆ ውስጥ ስለሚተኛ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፣ ስለዚህ የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ለየብቻ አስሉ።

ደረጃ 5፦ "90 ፐርሰንት ልክ ነን" የሚለውን አትመኑ

እዚህ ላይ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለ፣ እስካሁንም ከሱ የተሻለ ማስተማሪያ አላየሁም። ጆን ፊንሊ የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰራዊት የሲግናል ክፍል ባልደረባ በ1884 የቶርኔዶ (እየተሽከረከረ የሚመጣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ትንበያ ይሰጥ ነበር፣ ውጤቱም 96.6 ፐርሰንት ልክ ነው ተባለ። ትንበያዎቹ 2803 ነበሩ። ወዲያው ሌሎች ተነሱና አንድ ቀላል ነገር አሳዩ፣ በየቀኑ "ቶርኔዶ የለም" ብሎ ዝም የሚል ሰው 98.2 ፐርሰንት ልክ ይሆናል! ምንም ሳያውቅ ማለት ነው።

ምን ተፈጠረ? 2803ቱ ውስጥ ቶርኔዶ የነበረው 51 ጊዜ ብቻ ነው። ፊንሊ ከነዚህ 28ቱን ያዘ፣ 23ቱ አመለጡት፣ 72 ጊዜ ደግሞ ይመጣል ብሎ አልመጣም። የቀሩት 2680ዎቹ "የለም" ብሎ ያልነበረባቸው ናቸው፣ ያቺን 96.6 ያሳበጧት እነሱ ናቸው። እናንተም ደረቅ ወቅት ላይ አፕ ብትፈትሹ ይሄው ነው የሚገጥማችሁ፣ ማንም ልክ ይሆናል።

ስለዚህ አራት ሳጥን ስሩ፦ ይዘንባል ብሎ የዘነበ፣ ይዘንባል ብሎ የቀረ፣ አይዘንብም ብሎ የዘነበ፣ አይዘንብም ብሎ ያልዘነበ። ከዛ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከዘነቡት ቀናት ስንቱን ቀድሞ ነገረን? ፊንሊ ጋር 28 ከ51፣ ወደ 55 ፐርሰንት። "ይዘንባል" ካላቸውስ ስንቱ ባዶ ሆነ? 72 ከ100። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምታዩት፣ ምክንያቱም አንዱን ብቻ ማሳመር ቀላል ነው፣ በየቀኑ "ይዘንባል" የሚል አፕ አንድም ዝናብ አያመልጠውም።

ከዛ ከሰነፍ ተንባይ ጋር አወዳድሩት። ሁለት ሰነፎች አሉ፣ አንዱ "ነገ እንደ ዛሬው ነው" የሚል፣ ሌላው "በዚህ ወር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው" የሚል፣ ማለትም የብዙ ዓመት አማካይ (የአሁኑ መደበኛ አማካይ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው)። የመጀመሪያው ለነገ የሚገርም ተፎካካሪ ነው፣ በተለይ አየሩ ለሳምንታት በማይለዋወጥበት ወቅት። አፑ እነዚህን ሁለቱን ካልበለጠ፣ ቁጥሩ የፈለገ ቢያምር፣ ከካላንደር የበለጠ ምንም አልነገራችሁም።

ደረጃ 6፦ ፐርሰንቱን በፐርሰንትነቱ ፈትሹ

"30 ፐርሰንት ብሎኝ ዘነበ፣ ተሳሳተ" የሚባል ነገር የለም። 30 ፐርሰንት ማለት እንዲህ ከተባለባቸው 10 ቀናት በ3ቱ ገደማ ይዘንባል ማለት ነው፣ ከከተማው 30 ፐርሰንቱ ላይ ይዘንባል ወይም የቀኑን 30 ፐርሰንት ይዘንባል ማለት አይደለም፣ ስለ ዝናቡ ብርታትም ምንም አይናገርም። ለስንት ሰዓት እንደሆነም እዩ፣ ለስድስት ተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ 30 ፐርሰንት ከተጻፈ የስድስቱ ሰዓት ድምር ዕድል ከ30 ይበልጣል፣ ሰዓቶቹ ጨርሶ የማይገናኙ ቢሆን ኖሮ ወደ 88 ይደርስ ነበር፣ ዝናብ ግን አንዱን ሰዓት ከያዘ ቀጣዩንም የመያዝ ጠባይ ስላለው እውነቱ መሃል ላይ ነው።

ስለዚህ አንድን ቀን ብቻ ይዛችሁ አትፈርዱም። 10 የተባለባቸውን ቀናት ለብቻ፣ 30 የተባለባቸውን ለብቻ፣ 70 የተባለባቸውን ለብቻ ሰብስቡና በየቡድኑ ስንቱ ቀን እንደዘነበ ቁጠሩ። 70 ከተባለባቸው ውስጥ 40 ፐርሰንቱ ብቻ ከዘነበ አፑ ዝናብ ያበዛል። አንዳንድ አፖች ሆን ብለው ወደ ዝናብ ያዘነብላሉ፣ ያልተጠበቀ ዝናብ ደንበኛን የሚያናድደውን ያህል ያልተጠበቀ ፀሐይ አያናድደውም እኮ። ግን አትቸኩሉ፣ 30 የተባለባቸው 10 ቀናት ብቻ ካሏችሁ ከ1 እስከ 5 ቢዘንብ ምንም የሚገርም አይደለም፣ በአጋጣሚም ይሆናል። በየቡድኑ ብዙ ቀን እስኪጠራቀም መጠበቅ ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ ለምትፈልጉ ግሌን ብራየር በ1950 ያወጣው ስሌት አለ። ፐርሰንቱን ወደ አስርዮሽ ቀይሩ፣ ከዘነበ 1 ካልዘነበ 0 ቀንሱለት፣ በራሱ አባዙት፣ የሁሉንም አማካይ ውሰዱ። 80 ፐርሰንት ብሎ ከዘነበ 0.04፣ 80 ብሎ ካልዘነበ 0.64፣ ሁልጊዜ 50 እያለ የሚያመነታ 0.25 ያገኛል። ትንሽ ቁጥር ነው ጥሩው። ከ10 ቀን 3ቱ በሚዘንብበት ወቅት ዝም ብሎ በየቀኑ 30 የሚል ሰነፍ 0.21 ያገኛል፣ የናንተ አፕ 0.14 ካመጣ የሰነፉን ስህተት በሲሶ ቀንሷል፣ ጥሩ ነው። 0.21 ላይ ከቆመ ግን የወቅቱን አማካይ ነው የሸጠላችሁ።

ደረጃ 7፦ የት ላይ እንደሚሞት ፈልጉ

እስካሁን የሰራችሁትን ለ1 ቀን፣ ለ3 ቀን፣ ለ5፣ ለ7 ቀን ለየብቻ አድርጉትና ከሰነፉ ጋር የሚተካከልበትን ቀን ፈልጉ። ያ ቀን የናንተ ድንበር ነው፣ ከዛ ወዲያ ያለውን አትጠቀሙበት። በጥቅሉ የትንበያ ችሎታ በየ10 ዓመቱ ወደ አንድ ቀን ያህል እየተሻሻለ መጥቷል፣ ትልቅ ስኬት ነው፣ ግን ኤድዋርድ ሎሬንዝ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው መነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት እየተባዛች ስለምትሄድ የአንድን ቀን አየር ለይቶ መናገር ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ ያበቃል። ስለዚህ የ30 ወይም የ45 ቀን ትንበያ በቀን በቀን ከነ ደመናው ስዕል የሚያሳይ አፕ ካያችሁ እሱን ክፍል እንደሌለ ቁጠሩት።

ድንበሩ በወቅትም ይለያል። ሰፊ ደመና ይዞ የሚመጣ ዝናብ ቀናት ቀድሞ ይታወቃል፣ ከሰዓት በኋላ ከሙቀት የሚነሳ የነጎድጓድ ዝናብ ግን የት ሰፈር እንደሚወርድ ጠዋት ላይ እንኳን ላይታወቅ ይችላል፣ ለሱ የሚሻለው ካለ ራዳር ወይም ሳተላይት እያዩ የሚቀጥሉትን ጥቂት ሰዓታት መገመት ነው። የሚያሳዩ ሳይቶች ካገኛችሁ ደግሞ የሞዴሉን ብዙ ሩጫዎች እዩ፣ የአውሮፓው ማዕከል አንዱን ትንበያ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየቀየረ 51 ጊዜ ይሰራዋል፣ 51ዱ ከተቀራረቡ ቀኑ የሚታመን ነው፣ ከተበታተኑ አፑ ላይ ያለችው አንዲት ቁጥር ከብዙዎቹ አንዷ ብቻ ናት።

ደረጃ 8፦ ጥቅሙን በኪሳራ ለኩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዕቃችሁን ከዝናብ ለመሸፈን 1 ታወጣላችሁ እንበል፣ ሳትሸፍኑት ከዘነበበት ደግሞ 10 ትከስራላችሁ። 1ን ለ10 ስታካፍሉ 10 ፐርሰንት፣ የዝናቡ ዕድል ከዛ ካለፈ መሸፈን ያዋጣችኋል። ጎረቤታችሁ ግን ለመከላከል 4 የሚያወጣና ኪሳራው 5 የሆነ ሰው ከሆነ ከ80 ፐርሰንት በታች መነቃነቅ የለበትም። ትንበያው ለሁለታችሁም 30 ነው፣ ልክ የሆነው ውሳኔ ግን ይለያያል።

አሁን 100 ቀን ውሰዱ፣ 20ው ዘንቧል። በጭራሽ ካልሸፈናችሁ ኪሳራችሁ 200፣ ሁልጊዜ ከሸፈናችሁ ወጪያችሁ 100። ስለዚህ ያለ ትንበያ የተሻለው 100 ነው። ሀ የሚባል ትንበያ 16ቱን ያዘ፣ 4 አመለጠው፣ 24 ጊዜ በባዶ አስፈራራ፣ 28 ስህተት፣ 72 ፐርሰንት ልክ። ለ የሚባለው ደግሞ 12 ያዘ፣ 8 አመለጠው፣ 6 ጊዜ ብቻ በባዶ አስፈራራ፣ 14 ስህተት፣ 86 ፐርሰንት ልክ። ሁሉም ሰው ለን ይመርጣል አይደል?

ወጪውን አስሉት። በሀ 40 ጊዜ ሸፈናችሁ፣ 40፣ ያመለጡት 4 ደግሞ 40፣ ድምር 80። በለ 18 ጊዜ ሸፈናችሁ፣ 18፣ ያመለጡት 8 ደግሞ 80፣ ድምር 98። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሀ 20 አተረፋችሁ፣ "ትክክለኛው" ለ 2 ብቻ። ለዚህ ሰው የሚያመልጥ ዝናብ ከባዶ ማስፈራሪያ 10 እጥፍ ስለሚያስከፍለው ነው። የጎረቤቱን ቁጥር አስገብታችሁ ብታሰሉት ግን ደረጃው ይገለበጣል፣ እሱ ምንም ባይሸፍን 100 ይከስራል፣ በለ 112፣ በሀ 180። ማለትም ለሱ እንዲህ አዎ ወይ አይ ብለው ከሚናገሩት ሁለቱም አይጠቅሙትም፣ ፐርሰንት የሚሰጠው ትንበያ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም 80 ሲያልፍ ብቻ እንዲነቃነቅ።

የጎርፍና የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ባዶ ሲሆን የምንናደደው ይሄን ሂሳብ ስለማንሰራ ነው። እዛ ኪሳራው ሕይወት ነው፣ ስለዚህ በጣም ትንሽ ዕድል እንኳን ከቦታ ለመነሳት ይበቃል፣ አስር ጊዜ በባዶ ቢያስነሳም ማስጠንቀቂያው ጥሩ ሊሆን ይችላል። እሱን በራሳችሁ ሺት አትፈትኑት፣ ከቀጠናው የሜትሮሎጂ መስሪያ ቤት ከመጣ ተነሱ።

ሺቱን ስትቀጥሉ

ቢያንስ አንድ ሙሉ ወቅት ሳይሞላ አፕ አትቀይሩ፣ ወቅቱ ሲቀየር ደግሞ አዲስ ገጽ ክፈቱ እንጂ ከአሮጌው ጋር አትደምሩት፣ በደረቅ ወቅት ያሸነፈው በዝናብ ወቅት ሊሸነፍ ይችላል። ጠዋት "ይዘንባል" ማታ "አይዘንብም" በማግስቱ መልሶ "ይዘንባል" የሚል ምንጭ ካለም በጎን ምልክት አድርጉበት፣ መጨረሻ ላይ ልክ ቢሆን እንኳን ሸራ ለመከራየት ቀድሞ መወሰን ላለበት ሰው አይመችም። ሞዴሎቹም ይቀየራሉ፣ በተለይ ከ2023 ወዲህ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሰሩ ብዙ ትንበያዎች መጥተዋል፣ የአውሮፓው ማዕከልም የራሱን በ2025 መደበኛ ስራ ላይ አውሎታል። አፓችሁ ሞዴል ቀየርኩ ካለ ቀኑን ጻፉና ከዛ ቀን ጀምሮ ቆጠራውን እንደ አዲስ ጀምሩት።